ማጥቃትን ማስተማር፦ የመረጃ ደህንነት መምህርነት ከውስጥ ሲታይ

ለምሩቃንና ለባለሙያዎች የተሰጠ ንግግር፣ ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ

እዚህ አዳራሽ ያላችሁት በአመዛኙ ሁለት ወገን ናችሁ። አንደኛው ወገን ማስተርሱን ጨርሶ ወይም ሊጨርስ ተቃርቦ «ዩኒቨርሲቲ ልቅር ወይስ ኩባንያ ልግባ?» እያለ የሚያመነታ ነው። ሁለተኛው ፋየርዎል ሲያዋቅር፣ ሎግ ሲያነብ፣ ሌሊት በማንቂያ ደወል ሲነሳ ዓመታት አሳልፎ አሁን ማስተማር ያማረው ነው። ለሁለታችሁም አስቀድሜ የምለው አንድ ነገር አለኝ። የዚህ ሥራ ክብደት ዕውቀቱን ማግኘቱ ላይ አይደለም፤ ዕውቀቱ በመጽሐፍም በኢንተርኔትም ሞልቷል። ክብደቱ ያለው ከክፍል በፊት በሚሠራው ዝግጅት ላይ ነው። ማን ምን እንዲነካ ተፈቀደለት? የሚነካው ማሽን ከየትኛው ገመድ ጋር ተያይዟል? የተገኘው ቀዳዳ መቼ፣ ለማን ይነገራል? የሒሳብ መምህር ተማሪው የተማረውን ለክፋት ቢያውለው የሚጠይቀው የለም። እናንተን ግን የሚጠይቅ ይመጣል።

በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ መግቢያው በር ብዙ አላወራም፤ ከአገር አገር፣ ከተቋም ተቋም ይለያያልና። በአብዛኛው ቦታ ቋሚ መምህር ለመሆን ዶክትሬት ይጠየቃል። አውሮፓ ውስጥ ይህ በተለምዶ ከ3 እስከ 4 ዓመት ይፈጃል፤ አሜሪካ ውስጥ 5 ዓመትና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ከተቀጠራችሁ በኋላ ሥራው ማስተማር፣ ምርምርና አስተዳደራዊ አገልግሎት ተብሎ ይከፈላል፤ በወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ የምታዩት ክፍፍል 40፣ 40፣ 20 በመቶ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ግን ይህን ክፍፍል አትመኑት፤ ማስተማሩ ሁሉንም ይውጠዋል። ከሥራው ዓለም የምትመጡት ደግሞ በእጃችሁ ያለውን የሙያ ሰርተፍኬት ዋጋ በልኩ እዩት። ሲአይኤስኤስፒ የ5 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ አግባብ ያለው ዲግሪ 1 ዓመቱን ይተካል። ኦኤስሲፒ 23 ሰዓት ከ45 ደቂቃ የሚፈጅ የተግባር ፈተና አለው፤ ከዚያ በኋላ ሪፖርት ለመጻፍ 24 ሰዓት ይሰጣል። ሁለቱም ቀላል አይደሉም። የቅጥር ኮሚቴው ግን የሚቆጥረው የምርምር ጽሑፍና የማስተማር ልምድ ነው፤ ሰርተፍኬቱ ቦታ የሚኖረው የላብ (የቤተ ሙከራ) ኮርስ የሚይዝ ሰው ሲፈለግ ነው።

ምን ይማሩ?

አዲስ መምህር በብዛት የሚሳሳተው በሁለት መንገድ ነው። ከሒሳብ የመጣው ሴሚስተሩን ሙሉ ምስጠራ ያስተምራል፤ ተማሪው የታወቀውን የምስጠራ ስልት የአርኤስኤን ማረጋገጫ ጽፎ ይወጣል፣ አንድ ሰርቨር ላይ ማን ምን ፈቃድ እንዳለው ግን ማንበብ አይችልም። ከሥራ የመጣው ደግሞ መሣሪያ ያስተምራል፤ ተማሪው የአንዱን ስካነር (የኔትወርክ መግቢያዎችን የሚፈትሽ ፕሮግራም) ቁልፎች ሁሉ ያውቃል፣ ስካነሩ «ክፍት» ያለው በር ለምን ክፍት እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። በ2017 የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበሩ ኤሲኤም ከሌሎች ማኅበራት ጋር ያወጣው የሥርዓተ ትምህርት መመሪያ ዘርፉን በ8 ይከፍለዋል፦ የዳታ፣ የሶፍትዌር፣ የአካላት፣ የግንኙነት፣ የሥርዓት፣ የሰው፣ የድርጅትና የማኅበረሰብ ደህንነት። አንድ ኮርስ ስምንቱንም አይሸከምም። ዝርዝሩን የምትጠቀሙበት ያልነካችሁትን አውቃችሁ እንድትተዉት ነው።

የኮርሱን ይዘት ስታዘጋጁ የሚቆየውንና የሚያልፈውን ለዩ። ኬርክሆፍስ በ1883 የጻፈው መርህ፣ ማለትም የምስጠራ ሥርዓት ጠላት አሠራሩን ቢያውቅም ቁልፉ እስካልተገኘ ድረስ መጽናት አለበት የሚለው፣ ዛሬም ይሠራል። ሳልትዘርና ሽሮደር በ1975 ያስቀመጧቸው የንድፍ መርሆዎች፣ በተለይ ለማንም ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን አለመስጠትና ነባሪውን ምላሽ «አይፈቀድም» ማድረግ፣ የዛሬን የክላውድ ብልሽት ሳይቀር ያስረዳሉ። በሌላ በኩል ኤምዲ5 የተባለው ሀሽ (የዳታ አሻራ የሚያወጣ ስሌት) በ2004 ተሰበረ፤ በሌላው ሀሽ በሻ-1 ላይ ተግባራዊ ግጭት፣ ማለትም ሁለት የተለያዩ ፋይሎች አንድ አሻራ ማውጣታቸው፣ በየካቲት 2017 ታየ፤ የኢንተርኔት ግንኙነት የሚመሰጠርበት ቲኤልኤስ 1.3 በ2018 ወጣ። የይለፍ ቃል በየ90 ቀኑ ይቀየር የሚለውን ልማድ የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት በ2017 መመሪያው ተወው፤ ይኸው ተቋም በነሐሴ 2024 ኳንተም ኮምፒውተርን ይቋቋማሉ የተባሉ ሦስት የምስጠራ ደረጃዎችን አጸደቀ። እነዚህን ያላካተተ ኮርስ ያረጀ ነው፤ በእነዚህ ብቻ የተሞላ ኮርስ ደግሞ በሦስት ዓመት ያረጃል። ከይዘቱ ሁለት ሦስተኛው ለሚቆየው ቢሰጥ ጥሩ ነው ባይ ነኝ። በቀረው አንድ ሦስተኛ ስላይዶች ግርጌ ለመጨረሻ ጊዜ የተመረመሩበትን ቀን ጻፉ። ቀኑ ከ12 ወር ካለፈ ስላይዱ ክፍል አይገባም።

ሰዓቱንም ቀድማችሁ አስሉት። በአውሮፓው የክሬዲት አቆጣጠር 1 ክሬዲት የተማሪን ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይወክላል፤ ስለዚህ የ6 ክሬዲት ኮርስ ከ150 እስከ 180 ሰዓት ነው። በ12 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 15 ሰዓት ይሆናል፣ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥበትን ጨምሮ። እናንተ በ1 ሰዓት የምትጨርሱት የላብ ልምምድ ተማሪውን 4 ሰዓት ይወስድበታል ብላችሁ ተነሱ። በሳምንት ሁለት እንዲህ ያለ ልምምድ የሚሰጥ መምህር በአምስተኛው ሳምንት የሚሰበስበው የተኮረጀ ሥራ ነው። ለእናንተም ቢሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰጡት አንድ ሰዓት ሌክቸር ከ5 እስከ 8 ሰዓት ዝግጅት ይበላል፤ አንድ አዲስ የላብ ልምምድ ተፈትሾ እስኪያልቅ ከ20 ሰዓት በታች አይወስድም።

ላቡ

እዚህ ላይ እንቆይ፤ ስም የሚያስጠራውም የሚያጠፋውም ይህ ክፍል ነውና።

ከባዶ አትጀምሩ። በሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ ዌንሊያንግ ዱ ከ2002 ጀምሮ ያዘጋጃቸው የሲድ ላብ ልምምዶች በነፃ ይገኛሉ፤ ቨርቹዋል ማሽኑ (በኮምፒውተር ውስጥ የሚሠራ የሶፍትዌር ኮምፒውተር) ሳይቀር ተዘጋጅቶ ቀርቧል። ችግራቸው መልሳቸው ኢንተርኔት ላይ መበተኑ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ማሽኑን ስትጠይቁ በቁጥር ጠይቁ። 40 ተማሪ፣ ለእያንዳንዱ አንድ አጥቂና አንድ ተጠቂ ማሽን፣ ለእያንዳንዱ ማሽን 2 ጊጋባይት ራም፤ 160 ጊጋባይት ማለት ነው። 20 በመቶ መጠባበቂያ ስትጨምሩ 192 ይሆናል። ዲስኩ በ20 ጊጋባይት ሒሳብ 1.6 ቴራባይት የሚመስል ቢሆንም ሁሉም ማሽኖች ከአንድ እናት ምስል ቢቀዱና የየራሳቸውን ለውጥ ብቻ ቢያስቀምጡ ከዚያ ብዙ ያንሳል። ይህ አቅም ከሌለ ከቨርቹዋል ማሽን የቀለለውን የተከለለ ቦታ፣ ኮንቴይነርን፣ ተጠቀሙ፤ ለዌብና ለኔትወርክ ልምምድ በቂ ነው። ለከርነል፣ ማለትም ለሥርዓተ ክወናው እምብርት፣ ልምምድ ግን አይሆንም። ኮንቴይነሮች ሁሉ አንድ ከርነል ይጋራሉ፤ አንዱ ተማሪ ሲያደናቅፈው አርባውም አብረው ይወድቃሉ።

በፈር ኦቨርፍሎውን እንውሰድ፤ ለግብዓት ከተመደበው የሜሞሪ ቦታ በላይ ዳታ ልኮ አጎራባቹን ቦታ መቀየር ማለት ነው። በኅዳር 1988 የወጣው፣ በራሱ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዛመተው የሞሪስ ዎርም ከተጠቀመባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነበር፤ 512 ባይት በሚይዝ ቦታ ላይ 536 ባይት ላከ፣ የሚቀበለው ፕሮግራም ርዝመቱን አልመረመረም። ዛሬ ይህን በቀጥታ ለማሳየት ሦስት መከላከያዎችን ማጥፋት ያስፈልጋል፦ ከርነሉ የሜሞሪ አድራሻን የሚያዘበራርቅበትን ቅንብር ወደ 0 ማውረድ፣ ኮምፓይለሩ ስታክ (ፕሮግራሙ ጊዜያዊ ዳታውንና መመለሻ አድራሻውን የሚይዝበት ሜሞሪ) ላይ የሚያስቀምጠውን ጠባቂ ቁጥር ማስቀረት፣ ስታኩ ላይ ያለ ኮድ እንዲሠራ መፍቀድ። ይህ ሁሉ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ብቻ ይሁን። በራሱ ላፕቶፕ ላይ ቅንብሩን የቀየረ ተማሪ መልሶ ማብራቱን ይረሳል።

ከዚያ የማይቀረው ጥያቄ ይመጣል፦ «ዲበገር ውስጥ ሠራልኝ፣ ለብቻው ሳስነሳው ግን ይወድቃል፤ ለምን?» ምክንያቱ ቀላል ነው። ዲበገሩ፣ ማለትም ፕሮግራሙን ደረጃ በደረጃ እያስኬደ የሚያሳየው መሣሪያ፣ ለፕሮግራሙ የሚያስረክባቸው የአካባቢ ተለዋዋጮችና የፋይሉ ሙሉ ስም ስታኩ ላይ ቦታ ይይዛሉ፤ ርዝመታቸው ሲለያይ አድራሻው በጥቂት አሥር ባይቶች ይንሸራተታል። መፍትሔው ከጥቃት ኮዱ በፊት ምንም የማይሠሩ ትዕዛዞችን መደርደርና መመለሻውን አድራሻ መካከላቸው ላይ ማነጣጠር ነው። ይህን በመመሪያው ላይ በአንድ አንቀጽ ያልጻፈ መምህር የሁለት ሰዓት ላቡን ሙሉ ከወንበር ወንበር እየዞረ ያንኑ መልስ ሲደጋግም ይውላል። ልምምዱም ጥቃቱ ሲሳካ አያልቅም። መከላከያዎቹን አንድ በአንድ መልሰው ያብሩ፤ ጥቃቱ በየትኛው ላይ እንደቆመና የስህተት መልእክቱ ምን እንደሚል ይመዝግቡ። ይህ ክፍል ከተዘለለ ተማሪው የዛሬ ኮምፒውተር በ20 መስመር ኮድ ይገበራል ብሎ ይወጣል።

ስለ ኔትወርኩ። ቨርቹዋል ማሽን ከውጭ ጋር የሚገናኝባቸው የተለመዱ መንገዶች ሦስት ናቸው፦ በአስተናጋጁ አድራሻ ተሸፍኖ መውጣት፣ ድልድይ ሆኖ በቀጥታ የግቢው ኔትወርክ ላይ መቀመጥ፣ እና ከውስጥ ብቻ መገናኘት። ለላብ ሦስተኛው ብቻ ነው የሚሆነው። አደጋው ድልድዩ ላይ ነው። የኤአርፒ ማታለል፣ ማለትም የሌሎችን ትራፊክ ወደ ራስ መጥለፍ፣ የሚለማመድ ተማሪ በድልድይ ከተቀመጠ የሬጅስትራሩ ቢሮ ትራፊክ በእሱ ላፕቶፕ በኩል ማለፍ ይጀምራል፤ አድራሻ የሚያድል ሰርቨር በስህተት ያስነሳ ደግሞ ፎቁን በሙሉ ከኔትወርክ ያወጣል። ስለዚህ ከክፍል በፊት የተማሪውን ማሽን ራሳችሁ ከፍታችሁ ወደ ውጭ ለመውጣት ሞክሩ፦ በፒንግ፣ በስም ጥያቄ፣ በዌብ፣ ከዚያ ደግሞ ሁሉንም በአይፒ ስሪት 6። ይህ የመጨረሻው ነው ተደጋግሞ የሚረሳው። ፋየርዎሉ በስሪት 4 ተዘግቶ በስሪት 6 ወለል ብሎ የተከፈተ ላብ እንግዳ ነገር አይደለም።

ማልዌር (ጎጂ ሶፍትዌር) የምታስተምሩ ከሆነ ጥንቃቄው አንድ ደረጃ ይጨምራል። ናሙናው ይለፍ ቃል ባለው ዚፕ ፋይል ይቀመጥ፤ በሙያው የተለመደው ይለፍ ቃል «ኢንፌክትድ» የሚለው ቃል ነው። ዓላማው መደበቅ አይደለም፤ ሰው ሳያስበው እንዳይከፍተውና የኢሜይል ማጣሪያው ወይም ጸረ-ቫይረሱ እንዳይሰርዘው ነው። በአስተናጋጁና በቨርቹዋሉ መካከል ያለውን የጋራ ፎልደርና የጋራ ክሊፕቦርድ ዝጉ፤ መገለሉን የሚያፈርሱት እነዚህ ምቾቶች ናቸው። ናሙናው «ኢንተርኔት አለ» ብሎ እንዲያምን የውሸት የስምና የዌብ አገልግሎት የሚሰጥ ሌላ ማሽን አቁሙለት፤ ኢነትሲም ለዚህ የተሠራ ነው። ከማስነሳታችሁ በፊት ስናፕሾት (የማሽኑን ሁኔታ ቅጂ) ውሰዱ፣ ሲያልቅ ወደዚያው ተመለሱ። ልታጸዱት አትሞክሩ፤ የተበከለ ማሽን ይጣላል እንጂ አይጸዳም።

በመጀመሪያው ሳምንት የሚፈረመው ስምምነት ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ የማይነበብ ስምምነት አያስርም። የተፈቀዱ የአይፒ አድራሻዎች ከስንት እስከ ስንት እንደሆኑ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሚሠራ፣ ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ክልክል መሆኑ፣ እና ተማሪው ሳያውቅ ወሰኑን ቢሻገር ማንን በስንት ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ እንዳለበት ይጻፍ። የመጨረሻው ነጥብ ቅጣት የሌለበት ይሁን። ቅጣት ያለበት ከሆነ ተማሪው ይደብቃል፤ እናንተም ነገሩን ከአይቲ ክፍሉ ቁጣ ትሰሙታላችሁ።

ፈተናና ኩረጃ

የሲድን ልምምድ መልስ ፈልጎ ለማግኘት አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ዛሬ ደግሞ ሪፖርቱን የሚጽፉ ፕሮግራሞች አሉ። ስለዚህ ነጥቡን ሪፖርት ላይ አትከምሩት። ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ፍላግ፣ ማለትም ልምምዱን ሲፈታ የሚያገኘውን ሚስጥራዊ ጽሑፍ፣ ስጡት፤ የተማሪውን መለያ ቁጥርና የልምምዱን ቁጥር አያይዛችሁ በእናንተ ዘንድ ብቻ ባለ ሚስጥራዊ ቁልፍ ኤችማክ (በቁልፍ የሚሰላ ሀሽ) አስሉ፣ የውጤቱን የመጀመሪያ 16 ፊደል ፍላግ አድርጉት። አንዱ የሌላውን ፍላግ ካስገባ ማን ከማን እንደወሰደ በሰከንድ ይታወቃል፣ የፍላግ ዝርዝር ማስቀመጥም አያስፈልግም። ተራ ሀሽ ግን አይሆንም። ቁልፍ ከሌለው ተማሪው የራሱን መለያ ቁጥር ሀሽ አድርጎ ፍላጉን ያወጣል፤ የደህንነት ተማሪ ይህን እንደሚሞክር ደግሞ አትጠራጠሩ።

ፍላጉ መልስ መቀባበልን ይይዛል፤ ዘዴ መቀባበልን አይዝም። ለእሱ ያለው መድኃኒት የቃል ጥያቄ ነው። በነፍስ ወከፍ 10 ደቂቃ ለ60 ተማሪ 10 ሰዓት ነው፣ የሁለት ቀን ሥራ። አንድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይበቃል፦ «ይህን ቁጥር ከየት አመጣኸው?» የሠራው ሰው ይመልሳል።

የመመረቂያ ጽሑፍ ማማከር

ከምርምር ሥራችሁ ሰፊው ክፍል የተማሪ ቴሲስ ይሆናል። ከሚመጡላችሁ ርዕሶች መካከል «ማሽን ለርኒንግን በመጠቀም ሰርጎ ገብን መለየት» የሚለው ደጋግሞ ይመጣል። ተማሪው ኬዲዲ ካፕ 99 የተባለውን የኔትወርክ ትራፊክ ዳታ ያወርዳል፣ አምስት ሞዴል ያወዳድራል፣ 99 ከምናምን በመቶ ትክክለኛነት ያገኛል፣ ይመረቃል። እንዲህ ያለውን ርዕስ ከመፍቀዳችሁ በፊት የዳታውን የትውልድ ታሪክ እወቁ። መነሻው በ1998 በኤምአይቲ ሊንከን ላብራቶሪ የአሜሪካን አየር ኃይል ኔትወርክ አስመስሎ በሰው ሠራሽ መንገድ የተፈጠረ ትራፊክ ነው። በ2009 የወጣ ጥናት ከመለማመጃ መዝገቦቹ 78 በመቶ፣ ከመፈተኛዎቹ 75 በመቶ የሚሆኑት ድግግሞሽ መሆናቸውን አሳየ፤ ድግግሞሹ የተወገደለት ኤንኤስኤል-ኬዲዲ የወጣው ከዚሁ ጥናት ነው። እሱም ቢሆን ያው የ1998 ትራፊክ ነው፤ የዛሬ ኔትወርክ በአመዛኙ በተመሰጠረ ግንኙነት ሲሞላ፣ ያ ዳታ ስለዚህ ዓለም የሚያውቀው ነገር የለም። በዚህ ዳታ የተገኘ 99 በመቶ ስለ ሞዴሉ ብዙ አይናገርም።

ዳታው አዲስ ቢሆን እንኳ ሁለተኛ ወጥመድ አለ፤ ቴሲስ ሲከላከሉ ሳይጠየቅ የሚታለፍ በመሆኑ በቁጥር ላስቀምጠው። በቀን 1,000,000 ክስተት የሚያይ ኔትወርክ አለ፤ ከእነዚህ ውስጥ 100 ጥቃት ናቸው። መለያው ከጥቃቶቹ 99 በመቶውን ይይዛል፣ ጤናማውን በስህተት የሚወነጅለው 1 በመቶ ብቻ ነው። በወረቀት ላይ ድንቅ ውጤት ነው። ወደ ሥራ ሲገባ ግን 99 እውነተኛ ማንቂያና 9,999 ሐሰተኛ ማንቂያ ያወጣል። ከ102 ማንቂያ አንዱ ብቻ እውነት ነው ማለት ነው። አንዱን ለማጣራት 5 ደቂቃ ቢፈጅ በቀን ከ840 ሰዓት በላይ፣ ማለትም በ8 ሰዓት ሥራ ከ100 የሚበልጥ ሰው ይፈልጋል። መለያው ሦስት ቀን ሳይሞላው እንዲዘጋ ይደረጋል። ስለዚህ ተማሪያችሁን የሐሰተኛ ማንቂያውን መጠን በቀን ስንት እንደሚሆን ቀይሮ እንዲጽፍ አስገድዱት። ትክክለኛነት የሚለው መለኪያ ብቻውን ከቀረበ ጽሑፉን መልሱት።

የተሻሉ ርዕሶች ጠባብ ናቸው። አንድ የታወቀ ጥናት ውጤቱን በሌላ ዳታ ደግሞ መፈተሽ፤ በአንድ ዓይነት መተግበሪያዎች ላይ የሰርተፍኬት ማረጋገጫ አጠቃቀምን መመርመር፤ የአንድ ድርጅት ሠራተኞች የማስገር (ይለፍ ቃል ለመስረቅ የሚላክ አታላይ) ኢሜይልን ስንት በመቶው ሪፖርት እንደሚያደርግ መለካት። ይህ የመጨረሻው የሥነ ምግባር ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱ ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል ማመልከቻው በመጀመሪያው ወር ይግባ። ለእያንዳንዱ ርዕስ በመጀመሪያው ስብሰባ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ዳታው ዛሬ በእጅህ አለ? «ድርጅቱ እሰጥሃለሁ ብሎኛል» የሚለውን እንደ «የለም» ቁጠሩት።

ቀዳዳ ስታገኙ

የሞሪስ ዎርምን የለቀቀው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሮበርት ሞሪስ በ1990 የ3 ዓመት የገደብ ቅጣት፣ 400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና 10,050 ዶላር መቀጫ ተፈረደበት። በኋላ የኤምአይቲ ፕሮፌሰር ሆኗል፤ ሁሉም እንዲህ ይቀናዋል ብላችሁ ግን አትዩት።

ለመምህር ይበልጥ የሚቀርቡት ሁለት የፍርድ ቤት ጉዳዮች ናቸው፤ አንዱ ተመራማሪ፣ ፍላቪዮ ጋርሲያ፣ በሁለቱም ውስጥ አለ። በ2008 በኔዘርላንድ ራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ያለ ቡድን በብዙ አገር ለትራንስፖርት ትኬትና ለበር መክፈቻ የሚውለውን የማይፌር ክላሲክ ካርድ ምስጠራ ሰበረ። አምራቹን ኤንኤክስፒንና መንግሥትን ቀድሞ አሳወቀ፤ ጽሑፉን በጥቅምት ሊያቀርብ ወሰነ። ኤንኤክስፒ ሊያስቆመው ከሰሰ። የአርንሄም ፍርድ ቤት በሐምሌ 18 ቀን 2008 የሐሳብ ነፃነትን በመጥቀስ ክሱን ውድቅ አደረገ፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከካርዱ ጉድለት እንጂ ከጽሑፉ መታተም አይደለም አለ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ ጋርሲያ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ እያለ የመኪና ቁልፍ ውስጥ ያለውን የሜጋሞስ ክሪፕቶ ምስጠራ ድክመት ሊያሳትም ሲል ፎልክስዋገን ከእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የእግድ ትእዛዝ አገኘ። ጽሑፉ የወጣው በ2015 አንድ ዓረፍተ ነገር ተቀንሶለት ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? አገሩና ሕጉ ሌላ ናቸው፤ ግን አንድ ነጥብ ለእኛ ይጠቅማል። በሁለተኛው ጉዳይ ስልተ ቀመሩ የተገኘው በገበያ ላይ ካለ የሦስተኛ ወገን ሶፍትዌር ነበር፤ ያ ሶፍትዌር ራሱ ምስጢሩን ከየት አመጣው የሚለው ጥያቄ ችሎቱ ላይ ከበደ። ስለዚህ የምርምር ማስታወሻችሁ ውስጥ እያንዳንዱ ፋይል፣ እያንዳንዱ ናሙና፣ እያንዳንዱ ካርድ ከየት፣ በስንት ቀን፣ በምን ውል እንደመጣ ከመጀመሪያው ቀን ይጻፍ። በኋላ ተመልሶ የሚጻፍ አይደለም።

ማሳወቂያው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ቀዳዳው በሁለተኛ ሰው እጅ፣ በሁለተኛ ማሽን መደገሙን አረጋግጡ። ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲውን የሕግ ክፍል አሳውቁ፤ ኩባንያው ጠበቃውን ሲልክ ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው የሕግ ክፍል ከጎናችሁ ላይቆም ይችላል። ከዚያ ለአምራቹ በተመሰጠረ መልእክት ይላካል፤ ምን እንደተገኘ፣ እንዴት እንደሚደገም፣ መቼ ይፋ እንደሚሆን ይገለጻል። የጊዜ ገደቡ የሚታወቅ ልማድ አለው፦ በካርኒጊ ሜሎን የሚገኘው ሰርት ማስተባበሪያ 45 ቀን፣ የጉግል ቀዳዳ ፈላጊ ቡድን ፕሮጀክት ዜሮ 90 ቀን ይሰጣሉ። ሃርድዌር ከሆነ ይህ አይበቃም፤ በሚሊዮን እጅ የተበተነ ካርድ በዝማኔ አይታረምም። ገንዘብ የሚጠይቅ ወይም የሚመስል አንድም ቃል በደብዳቤው ውስጥ አይግባ፤ ምርምርን ወደ ማስፈራሪያ ክስ የሚያዞረው እሱ ነው።

የሥነ ምግባር ኮሚቴ «ችግር የለውም» ማለቱ ብቻውን ጋሻ እንዳይመስላችሁ። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሊኑክስ ከርነል ጠባቂዎች ያዩ እንደሆነ ለመፈተን ሆን ተብሎ የተበላሹ ማስተካከያዎችን ላኩ። የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ሥራው በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር አይደለም ብሎ ነበር። በሚያዝያ 2021 ግን ከከርነሉ ዋና ጠባቂዎች አንዱ ግሬግ ክሮህ-ሃርትማን ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣን ኮድ ሁሉ አገደ፤ በአይትሪፕልኢ ጉባኤ ተቀባይነት ያገኘው ጽሑፍም በጸሐፊዎቹ ተሳበ። ኮሚቴዎች ደምና መድኃኒት ያለበትን ምርምር ለመመዘን የለመዱ ናቸው፤ ኢሜይሉን የሚያነብ፣ ጊዜው የሚባክን ሰው ከኮዱ ጀርባ እንዳለ አይታያቸውም። ይህን በማመልከቻው ላይ በግልጽ የሚጽፈው መምህሩ ነው። ስለ ኮምፒውተር ምርምር ሥነ ምግባር የወጣው የ2012ቱ የሜንሎ ሪፖርት የሚያስቀምጣቸውን አራት መርሆዎች፣ ሰውን ማክበር፣ ጥቅምን ከጉዳት ማመዛዘን፣ ፍትሐዊነት፣ ሕግንና የሕዝብን ጥቅም ማክበር፣ እንደ ርዕስ ተጠቅማችሁ ለየአንዳንዳቸው አንድ አንቀጽ ጻፉ።

ስለ ማሳተም በአጭሩ። በዚህ ዘርፍ ክብደት ያላቸው አራት ጉባኤዎች ናቸው፦ ከ1980 ጀምሮ የሚካሄደው የአይትሪፕልኢ የደህንነትና የግላዊነት ሲምፖዚየም፣ ዩዝኒክስ ሴኩሪቲ፣ የኤሲኤም ሲሲኤስ እና ኤንዲኤስኤስ። ብዙውን ጊዜ ከአምስት ጽሑፍ አንዱን ያህል እንኳ አይቀበሉም። ችግሩ ብዙ የዕድገት ኮሚቴዎች የሚቆጥሩት ጆርናል ብቻ መሆኑ ነው። ለዕድገት ስታመለክቱ የጉባኤውን የመቀበል መጠንና የግምገማ ሥርዓት የሚገልጽ ግማሽ ገጽ አያይዙ፤ በዘርፉ ያለ የውጭ ገምጋሚ እንዲያረጋግጠው ጠይቁ። በከፈሉት ገንዘብ በሁለት ሳምንት የሚያትም ጆርናል ግን ለጊዜው ነጥብ ይሰጣል፣ ቆይቶ ስም ያበላሻል።

ደመወዙ ከኢንዱስትሪው ያንሳል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በሳምንት አንድ ቀን የማማከር ሥራ ይፈቅዳሉ፤ ክፍተቱን በከፊል ይሞላል፣ ኮርሱንም ያድሳል። የምታማክሩትን ድርጅት ምርት በተማሪ ቴሲስ አታስመርምሩ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ማንም አያምናችሁም።

ለቅጥር ስትቀርቡ የማሳያ ትምህርት ይሰጣችኋል፣ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። አንድ ነገር ብቻ ያዙ፤ ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን፣ በዳታቤዝ ትእዛዝ ላይ የሚደረገው ጥቃት፣ ጥሩ ምርጫ ነው። ለጥቃቱ 5 ደቂቃ፣ የተጠቃሚው ግብዓት እንዴት የትእዛዙ አካል እንደሆነ ለማስረዳት 10፣ ትእዛዙንና ግብዓቱን የሚለየውን ማስተካከያ ጽፎ ያው ጥቃት ሲከሽፍ ለማሳየት 5። ቅጂውን በቪዲዮ ያዙ፤ የአዳራሹ ኔትወርክ አይታመንም። ኮሚቴው «ተማሪ የዩኒቨርሲቲውን ዌብሳይት ልፈትሽ ቢልህስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ተዘጋጅቶ ይቆይ፦ ከአይቲ ኃላፊው በስም የተፈረመ ፈቃድ፣ የትኛው አድራሻ፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ አገልግሎት የሚያቋርጥ ሙከራ የተከለከለ መሆኑ፣ በዚያ ሰዓት የሚደወልለት ሰው ስልክ፤ የዋናው ሥርዓት ቅጂ ካለ ደግሞ ፍተሻው በእሱ ላይ።